ሦስተኛው አንቀጽ

ፀሃዬ ሞት ለሌላ ሰው የተፈጠረ ነገር የሚመስለው ዓይነት ሰው ነበር። ስልሳ ስድስት ዓመት ሞልቶትም ቡልጋሪያ ሰፈር ባለው ጋራዡ በጀርባው ተንጋሎ መኪና ሥር ይገባል፣ ፍሪሲዮን ያወርዳል፣ "ኧረ ጋሽ ፀሃዬ ይተዉት" የሚለውን ሁሉ በስድብ ያባርራል። ኅዳር ላይ አንድ ረፋድ ግን እንደገባ ቀረ። አጥር ለአጥር መለዋወጫ የሚሸጠው ወዳጁ ጦይብ ሁለት እግሩን ይዞ ጎትቶ ባያወጣው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር።

ልቡ ነው። ሆስፒታል እንደገባ አንዲት ነርስ ቅጽ ይዛ አጠገቡ ቆመች።

"ባለቤት አለዎት?"

"የለችም።"

"ልጅ?"

"የለኝም።"

"እሺ፣ የቅርብ ተጠሪ ስልክ ይንገሩኝ።"

ፀሃዬ በቃሉ የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። የወንድሙ የአስገዶም ቁጥር ስልኩ ውስጥ ተመዝግቧል፤ የጦይብም እንደዚያው። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ግን ከስድስት ዓመት በፊት የተፋታት የሉሊ ቁጥር ነው። ኦክስጅኑን ከአፉ ገለጥ አድርጎ እሱኑ ነገራት። ሃያ ስምንት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄደው ቤት ይካፈላሉ፣ ዕቃ ይካፈላሉ፤ እንዲህ ያለውን የሚያካፍል ዳኛ ግን እስካሁን አልተሾመም።

ሉሊ ከሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየሟ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ መጣች። ምን ሆንክም አላለችው፤ ማንኪያውን አፉ ላይ ደቅና "አጆኻ" አለችው። አይዞህ ማለቷ ነው። ሉሊ ትግርኛ የምትናገረው ሲብስባት ብቻ ነው፤ ወይ ስትቆጣ፣ ወይ አንጀቷ ሲንሰፈሰፍ። ሁለት ቀን ተመላለሰች። በሦስተኛው ቀን የአስገዶምን ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ስትሰማ ፔርሙሷን ብድግ አድርጋ በሌላው በር ወጣች።

አስገዶም ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። አራት ልጆች አሉት፣ ወንድሙን ይወዳል፣ ብርቱካን ይዞ መጥቷል። የታላቅ ወንድሙን እጅ ይዞ ካለቀሰ በኋላ ዕንባውን ጠርጎ ቀጠለ። "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ክፉ አይንካህ እንጂ፣ ያው ሰው ነንና… ቤቱ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብታስብበት። የእኔ ልጆች ያንተ ልጆች ናቸው።"

ፀሃዬ ዓይኑን ጨፈነና የተኛ መሰለ። ቤቱ ሜዳ ላይ እንደማይቀር እሱ ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል። በ1999 ዓ.ም. በገዛ እጁ የጻፈው ወረቀት ዳዊቱ ውስጥ ተቀምጧል፦ "እኔ ስሞት ያለኝ ሁሉ የባለቤቴ የሉሊ ነው።" ሲፋቱም አልቀደደውም። ሉሊ የሰንጋ ተራውን ቤት ይዛ ስትወጣ፣ እሱ የቡልጋሪያውን ቤትና ጋራዡን ይዞ ሲቀር፣ ያ ወረቀት እዚያው ነበር። ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳው "በአፌ ብበድላትም በወረቀት ክሻታለሁ" እያለ ራሱን ያባብልበታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተኛው ያ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ወረቀቱን ይዞ ባምቢስ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ዮሃና ትባላለች፤ የደንበኛው ልጅ ናት፤ ገና ሠላሳ አልሞላትም። ወረቀቱን አንብባ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው።

"ጋሽ ፀሃዬ፣ ከዚህ በኋላ ተፋታችሁ አይደል?"

"በ2012።"

"እንግዲያው ይሄ ወረቀት አይሠራም። ማለቴ፣ ለሚስት የተጻፈ ኑዛዜ በፍቺ ጊዜ አብሮ ይፈርሳል። በቃ።"

"እንዴት ይፈርሳል? ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ከላይ እስከ ታች የእኔ እጅ ነው!"

"ልክ ነው። ግን ሕጉ፣ ሰው ከተፋታ በኋላ የድሮ ሚስቱን ማውረስ አይፈልግም ብሎ ነው የሚያስበው።"

"ሕጉ እኔን የት ያውቀኛል?"

"ስለማያውቅዎት እኮ ነው አዲስ ይጻፉ የሚልዎት።"

ፀሃዬ ወንበሩ ላይ ተለቀቀ። ስድስት ዓመት የተንተራሰው ትራስ ገለባ ሆኖ ተገኘ። "ካልጻፍኩስ?" አለ።

"ልጅ የለዎትም። እናትና አባትዎም በሕይወት የሉም። ወደ ወንድምዎ ነው የሚሄደው።"

"ለእሷ እንደገና መጻፍ እችላለሁ?"

"ለወደዱት ሰው። ግን ወንድምዎ ዝም ይላሉ?"

"አይልም። አስነክታው ነው ይላል። ታሞ ሲደክም ጠብቃ መጥታ አፈረመችው ይላል።"

"እንግዲያው ምክንያቱን ብንጽፈው ይሻላል። ግዴታ አይደለም፤ ግን ለዳኛው ይረዳል። አንድ አንቀጽ ይበቃል። ምክንያት አለዎት?"

ፀሃዬ ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ታች መኪናው ተጠላልፎ ሁሉም ጥሩንባውን ይነፋል። ምክንያትማ አለው። ሃያ ስምንት ዓመት ከትንፋሹ ጋር ሲያወጣና ሲያስገባ የኖረው ምክንያት አለው። ጀርባውን ለልጅቷ እንደሰጠ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት።

በ1990 ነበር። ከተጋቡ ስድስተኛ ዓመታቸው ነው፤ ልጅ የለም፤ ዘመድ ደግሞ ሆድ ሆዷን እያየ ሰላም የሚላት ጊዜ ነው። ፀሃዬ ለማንም ሳይናገር ሄዶ ተመረመረ። ሐኪሙ የነገረው ቃል አጭር ነው፤ ጉድለቱ ከእሱ ነው፣ ተስፋም የለውም። ወረቀቱን ለሉሊ አሳያት። ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ አጠፈችውና ከሰሉ ላይ ጣለችው። "ይሄ ነገር ከእኔና ካንተ አይወጣም" አለችው። ሲነድ አብረው አዩት። ያን ቀን ፀሃዬ እፎይ አለ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረውም ያ እፎይታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሉሊ መካን ሆነች። ሰው ሁሉ እንዲያ አላት። እናቷ እማማ ለተብርሃን እጇን ይዘው ያልወሰዷት ጸበል የለም። ሉሊ እንደምትወልድ እያወቀች፣ ሕመም እንደሌለባት እያወቀች፣ ጎህ ሳይቀድ በቀዝቃዛ ውሃ ተጠምቃ ከንፈሯ ጠቁሮ ቤት ትገባለች። ፀሃዬም ጋቢ ያለብሳታል። ጋቢ ማልበስ ቀላል ነው።

ትዳሩን ያፈረሰውም ይኸው ነው፤ ሰው ግን አያውቅም። በ2012 አስገዶም የቡልጋሪያው ቤት ለበኩር ልጁ ይጻፍ አለ፤ ሉሊ እምቢ አለች፤ ጠቡ ከረረና የካዛንቺሱ እድር ሽማግሎች እቤታቸው ድረስ መጥተው ተቀመጡ። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ደጋጋ፣ ጸሐፊው፣ እትዬ አይናለም። አስገዶም ተነሥቶ "ወንድሜን ያለ ዘር ያስቀረችው አንሶ ቤቱንም ልታስቀርብን ነው?" አለ። እትዬ አይናለምም ለማስታረቅ ብለው "ምነው ልጄ፣ አንቺም እኮ በጊዜው ብትለቂው ሌላ አግብቶ ይወልድ ነበር" አሏት። ሉሊ ዞር ብላ ፀሃዬን አየችው። ጠበቀችው። ፀሃዬ የጫማውን ማሰሪያ ያይ ነበር።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው የዚያን ቀን እዚያ ቤት አልነበረም።

"አቶ ደጋጋ፣" አለች ሉሊ በመጨረሻ፣ "እርቅ አልፈልግም። ፍቺ ነው የምፈልገው።" ሽማግሎቹ በአንዲት ቃል ትዳር ይፈርሳል እንዴ እያሉ ተገርመው ወጡ። ፀሃዬ አልተገረመም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዮሃና የሰማችውን ጽፋ ስትጨርስ ቀና አላለችም። ወጣት ብትሆንም ሥነ ሥርዓት ታውቃለች።

"ይሄ የሚከፈተው ከሞትኩ በኋላ ነው፤ አይደል?" አላት ፀሃዬ።

"አይ፣ ጋሽ ፀሃዬ። አራት ምስክሮች ፊት፣ እርስዎም ባሉበት፣ ቃል በቃል መነበብ አለበት። ከዚያ ነው የሚፈረመው።"

"በእጄ ብጽፈውስ? እንደ ድሮው?"

ዮሃና እስክሪብቶና ወረቀት ሰጠችው። ፀሃዬ ስሙን ጻፈ። ከበሽታው ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው መሬት መሰለ። ከ1999ኙ ወረቀት ጎን ሲቀመጥ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የጻፉት ነው የሚመስለው። ወንድሙ ይህን ይዞ ፍርድ ቤት ቢቆም ምን እንደሚል ለሁለቱም ግልጽ ነው።

"እሺ፣ ከመንገድ አራት ሰው ጠርተን እናስፈርማ።"

"ይቻላል። ግን እርስዎ የሌሉ ቀን፣ 'ጆሮዬ ሰምቷል፣ በሙሉ አእምሮው ነው' ብሎ የሚቆም ሰው ነው የሚያስፈልግዎት። ወንድምዎ የማን ቃል ነው የሚያከብሩት?"

ፀሃዬ መልሱን ያውቀዋል። አስገዶም በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራው ሽማግሌ አቶ ደጋጋን ነው፤ ቀጥሎ እትዬ አይናለምን። የዚያን ቀን የነበሩትን ማለት ነው። ረቂቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና "አስቤበት እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ።

አስቤበት እመለሳለሁ ያለ ሰው መቼ ተመልሶ ያውቃል? ፀሃዬም ታኅሣሥን በሙሉ አሰበበት። ጋራዡ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ለሠራተኞቹ ትእዛዝ እየሰጠ፣ ኪሱን እየዳበሰ ዋለ። ጦይብ ከሱቁ ብቅ እያለ ያየዋል። አንድ ቀን ሁለት ሻይ ይዞ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ።

"እስኪ አውጣው፤ ኪስህ ውስጥ ምን አለ? እንቁላል የታቀፍክ መሰልክ እኮ።"

"ምስክር ትሆነኛለህ?"

"የምን?"

"የኑዛዜ። ግን ውስጡ ያለውን… ከሞትኩ በኋላ ቢሰማ ይሻለኝ ነበር።"

ጦይብ ወሎዬ ነው፤ በነገር አይቸኩልም። ሻዩን ፉት አለ። "ለማን ነው የምትናገረው? ለእኛ ነው ወይስ ለሉሊ?"

ፀሃዬ ስሟ ሲጠራ ደነገጠ። "ለሉሊ" አለ።

"ፀሃዬ፣ ከሞተ በኋላ ደፋር ያልሆነ ማን አለ?" አለ ጦይብ። "ደግሞስ እሷ ብትቀድምህ? የአላህ ነገር ወረፋ የለውም እኮ።"

ይህን አስቦት አያውቅም። እንዴት እንዳላሰበው ለራሱም ገረመው። ሁልጊዜ በሐሳቡ እሱ ቀድሞ ይሞታል፣ ወረቀቱ ይነበባል፣ ሉሊ ትሰማለች፣ ምናልባትም ታለቅሳለች፣ ምናልባትም ይቅር ትለዋለች፤ እሱ ግን ዓይኗን የማያይበት ቦታ ነው ያለው። ሉሊ ራሷ የምትሞት ሰው መሆኗን ረስቶት ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ስኳርም አለባት። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣና ለአቶ ደጋጋ ደወለ።

በማግሥቱ ሐሙስ ባምቢስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተሰበሰቡ። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ እድርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኗል። አቶ ደጋጋ ሰማንያ ዓመታቸውን ይዘው ሁለት ታክሲ ቀይረው መጡ፤ ጸሐፊው ከዚያ ርቆ፤ እትዬ አይናለም ከዘራቸውን እየመቱ። ሰፈሩ ፈርሷል እንጂ እድሩ አልፈረሰም፤ ሰው ሲጠራ ይመጣል። ጦይብ አራተኛ ሆነ።

ዮሃና ቆማ ማንበብ ጀመረች። አንደኛው አንቀጽ ስሙንና ሙሉ አእምሮ ያለው መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው ቤቱንና ጋራዡን ለወይዘሮ ሉሊ ሰጥቻለሁ ይላል። እትዬ አይናለም ቅንድባቸውን ሰቀሉ። አቶ ደጋጋ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ እንዳስደገፉ "እህ" አሉ።

"ሦስተኛ…" አለች ዮሃና።

"ስጪኝ ልጄ፣ እኔ ላንብበው" አላት ፀሃዬ።

ወረቀቱ እጁ ውስጥ ተንሿሿ። "ሦስተኛ፤ ከወይዘሮ ሉሊ ጋር በትዳር በኖርንበት ሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ያልወለድነው በእኔ ምክንያት ነው። በ1990 ዓ.ም. ተመርምሬ እንደማልወልድ ሐኪም ነግሮኛል። እሷ ጤነኛ ነበረች። ይህን እያወቅሁ፣ በሽማግሌ ፊት ስትወቀስ ዝም አልኩ። ቤቱ የዚህ በደል ዋጋ አይደለም፤ በደሉ ዋጋ የለውምና።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ወጣ። ፀሃዬ ጣሪያው ይወድቅብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ጣሪያው ቦታው ላይ ነው። የወደቀው ሌላ ነገር ነው፤ እትዬ አይናለም ከዘራቸውን ለቀውት መሬት ላይ ተንከባለለ።

"ያን ቀን እኔ ምን አልኳት?" አሉ። "ብትለቂው ሌላ አግብቶ ይወልድ ነበር አልኳት አይደል?"

ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ከዘራውን አነሣላቸው።

"እግዚኦ! በየትኛው አፌ!"

አቶ ደጋጋ ቀስ ብለው ጠየቁት። "ያኔ ለምን አልነገርከንም?"

"ፈራሁ።"

"ማንን?"

"እናንተን።"

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ አዘኑ። ወረቀቱን ተቀብለው በትልልቅ ፊደል ስማቸውን ጻፉና ፈረሙ። ሌሎቹም ተራ በተራ ፈረሙ። ዮሃና ማኅተሟን ስትመልስ አቶ ደጋጋ ቆባቸውን አጠለቁ። "ተነሡ፣" አሉ፤ "ሴትዮዋን ቤቷ ድረስ ሄደን ነው የወቀስናት፤ ቤቷ ድረስ ሄደን ነው ይቅርታ የምንጠይቃት። ወረቀት ፈርሞ መበተን የለም።"

ፀሃዬ እስከዚህ አላሰበውም ነበር።

ሰንጋ ተራ ሲደርሱ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል። አራት ፎቅ በእግራቸው ወጡ፤ እትዬ አይናለም በየፎቁ ቆመው ሲያርፉ ሁሉም አብሮ ያርፋል። ፀሃዬ ከሁሉም ኋላ ነው። ልቡ እንዲህ የሚመታው ከደረጃው ነው ብሎ ራሱን አሳመነ።

አሁን እዚህ ላይ ሁሉም የዘነጉት ነገር ነበር። ሰማንያ ዓመት የኖሩት ሽማግሌ እንኳ ዘነጉት። በእኛ አገር የእድር ሽማግሎች ሳይደውሉ፣ ተሰብስበው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ደጅ ላይ ከቆሙ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሉሊ በሩን ከፈተች። አቶ ደጋጋን አየች። ጸሐፊውን አየች። ዓይናቸው የቀላውን እትዬ አይናለምን አየች። ከዚያ የፀሃዬን ወዳጅ ጦይብን አየች፤ በቃት። ደረቷን በሁለት እጇ መታችና "ፀሃዬን!" ብላ ጮኸች። "ወይኔ! ፀሃዬን! ብቻውን! ብቻውን ነው የሞተው?"

"አለሁ" አለ ፀሃዬ ከደረጃው ላይ። "ሉሊ፣ አለሁ። እዚህ ነኝ።"

ሽማግሎቹ መንገድ ለቀቁ። ሉሊ ባየችው ጊዜ በሩን ተደገፈች። ከዚያ ትግርኛዋ መጣ፤ በአንድ ትንፋሽ እሱንም ሽማግሎቹንም አወረደቻቸው፤ ሰው እንዲህ ያስደነግጣሉ ወይ፣ ስልክ የሚባል ነገር አልሰማችሁም ወይ። አቶ ደጋጋ ኦሮሞ ናቸው፣ አንዱንም ቃል አልሰሙም፤ ግን አንገታቸውን ደፍተው ሁሉንም ተቀበሉ። ፀሃዬ እየተሰደበ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ብቻውን ነው የሞተው ያለችውን። በሕይወቱ እንደዚያ የተለቀሰለት የለም፤ ሳይሞት ሰማው።

ገቡ። እሱ አልተቀመጠም። መሀል ሳሎኗ ቆሞ ሦስተኛውን አንቀጽ አነበበ። ሉሊ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ሰማችው። ሲጨርስ ፊቷ አልተለወጠም።

"ድገመው" አለችው።

ደገመው።

"ሙሉውን አይደለም። እሷ ምን ነበረች የሚለውን።"

"እሷ ጤነኛ ነበረች።"

ሉሊ ራሷን ነቀነቀች። እትዬ አይናለም ተነሥተው እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ይዛ አነሣቻቸው፤ "ተዉ እትዬ፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ" አለቻቸው። የተቆጣችው በእሳቸው አይደለም። ወደ ፀሃዬ ዞረች።

"ቤቱን ለፈለግከው ስጠው። ለአስገዶም ልጆችም ብትሰጥ ሕፃናቱ ምንም አልበደሉኝም።" ድምጿ እዚህ ላይ ተሰበረ። "እናቴ ይህን ሳትሰማ ነው የሞተችው።"

ፀሃዬ በ2014 በእማማ ለተብርሃን ቀብር ላይ ነበር፤ ከሰው ኋላ ቆሞ አፈር ወርውሮ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም።

"የመጨረሻው ቀን ምን አለችኝ መሰለህ? እጄን ይዛ፣ 'ልጄ፣ ማህፀንሽን ያሰርኩት እኔ በየትኛው ኃጢአቴ ይሆን?' አለችኝ። በእሷ የመጣ መስሏት ነው የሞተችው፣ ፀሃዬ። ተፋተን ሁለት ዓመት ሆኖናል። አጠገባችን ማንም የለም። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።"

"አልነገርሻትም?"

"ከእኔና ካንተ አይወጣም ብዬህ የለ።"

ፀሃዬ ያን ጊዜ ነው የተቀመጠው። ወንበር ይኑር አይኑር ሳያይ ነው የተቀመጠው፤ ጦይብ በብብቱ ይዞ ባያስተካክለው መሬት ነበር። አለቀሰ። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው መካኒክ፣ ሽማግሎች ፊት፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ አለቀሰ። ሉሊ ለቅሶው እስኪያልቅ ታገሠችው። ዕንባውን አልጠረገችለትም፤ ግን ውሃ ቀድታ አጠገቡ አስቀመጠችለት።

"ነገ ጠዋት፣" አለችው፣ "ቂርቆስ። መቃብሯ ላይ ታነብላታለህ።"

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ አምስቱም መጡ። አቶ ደጋጋ እንደገና ሁለት ታክሲ ቀይረው። ጦይብ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆሞ ጠበቀ። የእማማ ለተብርሃን መቃብር ከግንቡ ሥር ነው፤ ትንሽ የእምነበረድ መስቀል አለው፤ ሉሊ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው።

ፀሃዬ ወረቀቱን ዘረጋ። እጁ ከትናንቱ ብሶ ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሎቹ ይዘላሉ። "ሦስተኛ" ብሎ ጀመረና አቆመ። እንደገና ጀመረ፤ በሹክሹክታ ወጣ፤ ከአጠገቡ የቆመ ሰው እንኳ የማይሰማው ነው።

ሉሊ ቀረብ አለችና የወረቀቱን አንድ ጫፍ ያዘችለት። መንቀጥቀጡ ቆመ።

"አጆኻ" አለችው። "ጮክ በል እንጂ፤ ጆሮዋ ይደክም ነበር።"

ፀሃዬ ጮክ ብሎ አነበበ።